ጅብራን ግቢ ውስጥ ማሳደግ፦ ምን ይገድለዋል፣ ከዘርስ እንዴት ይበቅላል?

የጠያቂው ጉዳይ ባጭሩ ይህ ነው። ደብረ ብርሃን ዳር የእንግዳ ማረፊያ አላቸው። ባለፈው ሰኔ ወገብ የሚደርሱ ሁለት ጅብራዎች (ከሩቅ ዘንባባ የሚመስለው የደጋ ተራራ ተክል) ከተራራ ከነአፈራቸው አስቆፍረው ግቢያቸው ተከሉ። ሐምሌን ደህና ሆነው ሰነበቱ፤ ነሐሴ ላይ የታችኛው ቅጠላቸው ቢጫ ሆነ፤ ከዚያ መሃላቸው ጠቆረ፤ መስከረም ሲጠባ ሳብ ቢያደርጓቸው እየሸተቱ ከነግንዳቸው ተነቀሉ። አሁን የሚጠይቁት አራት ነገር ነው፦ ምን ገደላቸው፣ ተራራው ላይ ደርቀው የቆሙት ጥቋቁር ግንዶች በበሽታ የሞቱ ናቸው ወይ፣ ከዘር ማብቀል ይቻላል ወይ፣ ሚኒሶታ ያለች እህታቸውስ ዘር ላክልኝ ስትል መላክ ይችላሉ ወይ።

የገደላቸው የቆመ ውሃ ነው። ውርጭ እንዳልሆነ ጊዜው ራሱ ይናገራል፤ በደብረ ብርሃን ውርጭ የሚበረታው ከጥቅምት ወዲህ ነው፣ የእርስዎዎቹ ደግሞ በነሐሴ አልቀዋል። ሂደቱ እንዲህ ነው። ጅብራ ግንዱ ወፍራም ቢሆንም ውሃ የሚስብለት ቀጭን ሥሩ አብዛኛው በላይኛው አፈር ውስጥ ወደ ጎን የተሰራጨ ነው። ባልዲ የሚያክል አፈር ይዞ ሲነሳ ያ ሁሉ ሥር ተቆርጦ ተራራው ላይ ይቀራል። ቅጠሉ ግን ሳይቀነስ አብሮ ይመጣል። ሐምሌ ላይ ደህና መስሎ የታየው ሰማዩ ስለተሸፈነ ቅጠሉ ብዙ ውሃ ስለማያባክን፣ ግንዱም ውስጡ ለስላሳና ውሃ ያዘለ ስለሆነ ነው። ተክሉ ያን ጊዜ የሚኖረው ከጎተራው እየቀነሰ ነበር። በዚህ መሃል በአካባቢዎ የበዛው መረሬ አፈር ውሃ ጠግቦ አየር ሲያጣ፣ የተቆረጡት የሥር ጫፎች መበስበስ ይጀምራሉ፤ ፈንገሱ በዚያ ገብቶ ወደ ግንዱ ይወጣል። የታችኛው ቅጠል ቢጫ መሆን ተክሉ ያለውን ምግብ ከአሮጌው ቅጠል አውጥቶ ወደ ቡቃያው መላኩን ያሳያል። መሃሉ ሲጠቁር ግን ነገሩ አብቅቷል። ጅብራ የሚያድግበት ቡቃያ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም በቅጠሎቹ መሃል ያለው ነው። ያ ከበሰበሰ መድኃኒት መርጨትም፣ አፈር መቀየርም፣ ግንዱን መቁረጥም አያድነውም።

ታዲያ ተራራው ላይ ከደብረ ብርሃን ያላነሰ እየዘነበ ለምን አይበሰብስም? ምክንያቱም እዚያ ውሃው ያልፋል እንጂ አይቆምም። ጅብራ በብዛት የሚታየው ድንጋያማ በሆነ ዳገት፣ ከእሳተ ገሞራ በተገኘና ብስባሽ በበዛበት ጥቁር አፈር ላይ ነው። መልኩ ከመረሬ ጋር ቢመሳሰልም ጠባያቸው ፈጽሞ አይገናኝም። መረሬን ሲረጥብ በእጅዎ ቢያድቦለቡሉት እንደ ሸክላ ጭቃ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ የተራራው አፈር ግን ረጥቦም ይፈረካከሳል። ስለዚህ ከዚህ በታች ከምለው ሁሉ አንዱን ብቻ የሚይዙ ከሆነ ይህን ይያዙ፦ ጅብራ በመረሬ ውስጥ ጉድጓድ ተቆፍሮ አይተከልም። ጉድጓዱን በጥሩ አፈር ቢሞሉትም አይሆንም፤ ዙሪያው መረሬ ከሆነ ጉድጓዱ የክረምት ውሃ የሚጠራቀምበት ገንዳ ይሆናል።

ወደ ማብቀሉ ከመሄዴ በፊት የትኛውን ጅብራ እንደምንል መለየት አለብን፤ አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በአገራችን በዚህ ስም የሚጠሩ ሁለት ትልልቅ ዝርያዎች አሉ። አንደኛው በሰሜን ተራሮች፣ በባሌው ሳነቴ አምባ፣ በመንዝ ጓሳ፣ በአቡነ ዮሴፍና በጮቄ የሚታየው የውርጭ ምድር ጅብራ ነው፤ በሳይንስ ስሙ ሎቤሊያ ሪንኮፔታለም ይባላል፣ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም አይበቅልም። ከ3,000 ሜትር በላይ ይጀምራል፣ ከ4,000 ሜትር አልፎም ይሄዳል። ወፍራም፣ ሸካራና ጠባብ ረጅም ቅጠል አለው፤ የቅጠሉ መሃል አጥንት ብዙ ጊዜ ወደ ቀይ ያደላል፤ የረገፉ ቅጠሎች ጠባሳ ግንዱ ላይ ተደርድሮ ስለሚታይ ከሩቅ ያየው ዘንባባ ይመስለዋል። ከዘንባባ ጋር ግን ዝምድና የለውም፤ ቤተሰቡ የአትክልት ቦታ ጌጥ ሆነው የሚተከሉት ትንንሽ ሰማያዊ ሎቤሊያዎች ናቸው። ሁለተኛው ሎቤሊያ ጊቤሮአ የሚባለው የደን ጅብራ ነው። በደጋ ደን ዳርቻ፣ በወንዝ ሸለቆና እርጥበት ባለበት ገደላገደል ይበቅላል፤ ቅጠሉ ሰፊና ለስላሳ ነው፤ ከኢትዮጵያ ሌላ በምሥራቅ አፍሪካ ተራሮችም ይገኛል።

ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች በሁለቱ መካከል ወድቃለች። ለውርጭ ምድሩ ጅብራ ዝቅ ያለች ናት፤ ከፍታ በ100 ሜትር በቀነሰ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ 0.6 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ስለሚጨምር፣ 3,600 ሜትር ላይ ለለመደ ተክል ግቢዎ 5 ዲግሪ ያህል ይሞቃል። ለደን ጅብራ ደግሞ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለው ውርጭ ከባድ ነው፤ ለስላሳው ቅጠል በአንድ ሌሊት ተቃጥሎ ሊያድር ይችላል። የእኔ ምክር ሁለቱንም በየቦታቸው መትከል ነው። ውርጩ የሚተኛበት፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚያገኝና ነፋስ የሚመታው ገላጣ ቦታ ካለዎት ለውርጭ ምድሩ ይስጡት። ከቤቱ ግድግዳ ጥግ ወይም ከዛፍ ሥር ያለው፣ ውርጭ የማይደርስበት እርጥብ ቦታ የደን ጅብራ ነው። ለእንግዳ ዓይን የሚሞላ ነገር በቶሎ ከፈለጉ የደኑ ይሻላል፤ ፈጥኖ ያድጋል፣ በጥቂት ዓመታት ከሰው ቁመት ያልፋል። የውርጭ ምድሩ ዝግተኛ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ በሕይወት ሊቆይ ይችላል፤ አበባ ያወጣል ብዬ ግን ዋስትና አልሰጥዎትም።

በዚህ አጋጣሚ ለማስታወቂያ ሰሌዳዎ ፎቶ ከኢንተርኔት የሚያወርዱ ከሆነ ይጠንቀቁ። ቅርንጫፍ ያለው፣ ጫፉ ላይ የጎመን ጭንቅላት የመሰለ፣ ግንዱን የደረቀ ቅጠል እንደ ካባ የሸፈነው ተክል ጅብራ አይደለም። ዴንድሮሴኔሺዮ የሚባል የኬንያ ተራራ፣ የኪሊማንጃሮና የሩዌንዞሪ ተክል ነው፤ በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ የለም። «የሰሜን ተራሮች» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበት ሲዞር ግን ዘወትር ይታያል።

ደርቀው ስለቆሙት ጥቋቁር ግንዶች፦ በሽታ አይደለም፤ ወልደው የሞቱ ናቸው። የውርጭ ምድሩ ጅብራ በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል። ለአበባ የሚደርሰው ከ15 እስከ 20 ዓመት እንደሆነ ይገመታል። ያን ሁሉ ዓመት ያከማቸውን አንድ ረጅም የአበባ ዘንግ ላይ አውጥቶ፣ ዘሩን ካፈራ በኋላ ሥሩም ግንዱም ይሞታል። ዘንጉ ብቻውን ከሁለት ሜትር ሊያልፍ ይችላል፤ ከግንዱ ጋር ሲደመር ተክሉ ከጎኑ የቆመን ሰው ሁለትና ሦስት እጥፍ ያህል ይረዝማል። ግንዱ ከሞተ በኋላም ብዙ ጊዜ ሳይወድቅ ይቆያል። ስለዚህ በሰሜን ተራሮች ቸነቅ ወይም በመንዝ ጓሳ ላይ ብዙ ደረቅ ግንድ ማየት ብቻውን የሚያስደነግጥ አይደለም። ሊያስደነግጥ የሚገባው ደረቅ ግንድ ሞልቶ ከሥሩ ትንንሽ ችግኝ ሲጠፋ ነው፤ ያ ማለት ምትክ የለም ማለት ነው፣ ብዙውን ጊዜም ምክንያቱ የከብት እርግጫና ሣር አጫጆች ናቸው።

አንድ ጊዜ አብቦ መሞት ለተክል ምን ይጠቅመዋል የሚለውን የእጽዋት ተመራማሪዎች በኬንያ ተራራ ላይ በደንብ መርምረውታል፤ እዚያ ሁለት የጅብራ ዘመዶች ጎን ለጎን ስላሉ ማነጻጸር ይቻላል። ደረቅ ቁልቁለት ላይ የሚበቅለው ሎቤሊያ ቴሌኪ እንደኛው ጅብራ አንድ ጊዜ አብቦ ይሞታል። እርጥብ ሸለቆ ውስጥ የሚበቅለው ሎቤሊያ ኬኒየንሲስ ደግሞ ከአንድ ሥር ብዙ ራስ አውጥቶ እየደጋገመ ያብባል። ደረቁ ቦታ ላይ ከአንዱ አበባ እስከሚቀጥለው የሚወስደው ጊዜ ረጅም፣ እስከዚያ በሕይወት የመቆየት ዕድሉም ትንሽ ስለሆነ፣ ለነገ ከማስቀመጥ ያለውን ሁሉ በአንዴ ማውጣት ያዋጣል። ለእርስዎ የሚጠቅመው ትምህርት ግን ቀላል ነው፦ ሁሉንም በአንድ ዓመት አይትከሉ። በየሁለት ዓመቱ ሦስት ሦስት እያደረጉ ቢያስገቡ፣ አንዱ ሲሞት ሌላው ይተካዋል፤ ግቢዎም አንድ ቀን ባዶ አይሆንም።

አበባውን ቀረብ ብለው ቢያዩት ከዘር አሰባሰብ ጋር የሚያያዝ ነገር ይማራሉ። ዘንጉ የሚያብበው ከታች ወደ ላይ ነው። እያንዳንዱ አበባ መጀመሪያ ወንድ ነው፦ የአበባው ብናኝ በቱቦ ቅርጽ በተጣበቁ ወንዴ ክፍሎች ውስጥ ይፈሳል፣ የሴቴው ዘንግ ከታች እያደገ ሲመጣ ብናኙን እየገፋ በቱቦው አፍ ያወጣዋል። ብናኙ ካለቀ በኋላ የሴቴው ጫፍ ተከፍቶ ከሌላ አበባ ለመቀበል ይዘጋጃል። በመሆኑም በአንድ ቀን በአንድ ዘንግ ላይ ከታች ፍሬ፣ ከዚያ በላይ ሴት አበባ፣ ከዚያ በላይ ወንድ አበባ፣ ጫፉ ላይ እምቡጥ ታገኛላችሁ። ብናኙን ከሚያዘዋውሩት መካከል የአበባ ማር የሚመጥጡ ወፎች አሉ፤ በተከዜ ወንዝ ስም የተሰየመችው የተከዜ ማር መጣጭ ዘንጉ ላይ ተለጥፋ ስትመጥ በደጋው በቀላሉ ትታያለች። ዘሩም የሚበስለው በዚያው ቅደም ተከተል ከታች ወደ ላይ ስለሆነ፣ የላይኛው እስኪደርስ የታችኛው ሊረግፍ ይችላል።

የበሰለ ፍሬ ቡናማና ደረቅ ሆኖ ጫፉ ይከፈታል። ዘንጉን ነካ ሲያደርጉት የተፈጨ በርበሬ የመሰለ ደቃቅ ብናኝ ከወረደ ዘሩ ያ ነው። አረንጓዴ ፍሬ አይቁረጡ፤ ቤት ወስደው ቢያደርቁትም ዘሩ በአብዛኛው አይበቅልም። ዘንጉንም አይቁረጡ። የወረቀት ከረጢት ከሥር ይዞ ዘንጉን ሁለትና ሦስት ጊዜ መታ መታ ማድረግ ከበቂ በላይ ዘር ይሰጣል፤ የቀረው ለተራራው ይሁን። ከአንድ ተክል ብቻ አይውሰዱ፤ ከአምስት እስከ አሥር ከሚሆኑ ተክሎች ትንሽ ትንሽ ይሰብስቡና ይቀላቅሉት፤ ከአንድ እናት የመጡ ብቻ ከሆኑ አንዱ የሚያጠቃው ነገር ሁሉንም ያጠቃል። በብሔራዊ ፓርክም ሆነ እንደ ጓሳ ባለ በኅብረተሰቡ በሚጠበቅ ቦታ ከጽሕፈት ቤቱ ሳያስፈቅዱ አንድም ነገር አይነሳም፤ ይህ ለተክሉ ብቻ ሳይሆን ለዘሩም ነው። ሲሰበስቡ ጓንት ያድርጉ፤ ቅጠሉም ግንዱም ሲሰበር ነጭ ወተት ያወጣል፣ ዓይን ውስጥ ከገባ ያቃጥላል። ብዙዎቹ የሎቤሊያ ዝርያዎች ሎቤሊንን የመሰለ መርዛማ አልካሎይድ ስላላቸው፣ ለእንግዶችዎ ልጆችም «አይቀመስም» የሚል ምልክት ቢያቆሙ ጥሩ ነው።

ዘሩን በወረቀት ፖስታ ውስጥ በደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ያስቀምጡት። በፕላስቲክ ከታሸገ የቀረችው ጥቂት እርጥበት ሻጋታ ታመጣለች። ትኩስ ዘር ይሻላል፤ በዚያው ዓመት ቢዘሩት ጥሩ ነው።

የመዝሪያው አፈር ይህን ይመስላል፦ ሁለት እጅ በወንፊት የተነፋ የደን ብስባሽ አፈር፣ አንድ እጅ ታጥቦ የደረቀ ሻካራ የወንዝ አሸዋ፣ አንድ እጅ የደቀቀ ቀላል የእሳተ ገሞራ ጠጠር። የከብት ፍግ አይጨምሩበት። አፈሩን ሳህን ላይ ዘርግተው የፈላ ውሃ ያፍሱበትና እስኪቀዘቅዝ ይተዉት፤ ይህ ችግኝ የሚገድለውን ፈንገስና የአረም ዘር ይቀንሳል። ከዚያ ቁመቱ 8 ሴንቲ ሜትር በሚሆን፣ ከሥሩ በተበሳ ሳህን ውስጥ ሞልተው በሰሌዳ ያስተካክሉት።

የአዘራሩ ቁልፍ ነገር አንድ ነው፦ ዘሩ አፈር አይለብስም። እንዲህ ያለ ደቃቅ ዘር ለመብቀል ብርሃን ይፈልጋል፣ ያለው ስንቅም ከግማሽ ሴንቲ ሜትር አፈር በታች ወጥቶ ፀሐይ ለማየት አይበቃውም። አብዛኛው ሰው «አልበቀለም» የሚለው በልማድ አፈር ስለሚያለብሰው ነው። በሁለት ጣት ቆንጠር ያደረጉትን ዘር ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ደረቅ ደቃቅ አሸዋ ጋር ይቀላቅሉና እንደ ጨው ይበትኑት፤ አሸዋው ዘሩ እንዳይጠጋጋ ያደርጋል፣ የት እንደወደቀም ያሳያል። በእጅ መዳፍ ጫን ብቻ ያድርጉት።

ከላይ ውሃ አያፍስሱ፤ ዘሩ ተጠራርጎ ጥግ ላይ ይከማቻል። ሳህኑን 2 ሴንቲ ሜትር ውሃ ባለው ትሪ ላይ ያስቀምጡት፤ የአፈሩ ገጽ ሲጠቁር አውጥተው ያንጠፍጥፉት። ላዩን በመስታወት ወይም በጥርት ፕላስቲክ ይሸፍኑና በቀጥታ ፀሐይ የማይመታው ነገር ግን ብርሃን ያለበት በረንዳ ላይ ያኑሩት። ሙቀቱ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ቢሆን ይመረጣል። በየቀኑ ለሩብ ሰዓት ያህል ክዳኑን ይክፈቱ። ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ውስጥ አረንጓዴ ነጠብጣብ ይታያል፤ መጀመሪያ ሻጋታ ወይም ሽበት ሊመስልዎት ይችላል፣ በችኮላ አይድፉት።

ከዚህ በኋላ ያለው አንድ ወር አደገኛው ነው። ችግኙ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ቀጥኖ ከወደቀ ፈንገስ ነው፤ መንስኤውም ሁልጊዜ አንድ ነው፦ መጠጋጋት፣ የተዘጋ አየርና ከልክ ያለፈ እርጥበት። የወደቀውን ከነአፈሩ በማንኪያ አንሥተው ይጣሉ፣ ክዳኑን ያውልቁ፣ ውሃ ለሁለት ቀን ያቁሙ። ቀንድ አውጣም በአንድ ሌሊት ሙሉ ሳህን ያጸዳል፤ የሳህኑን መቀመጫ እግር ውሃ ባለው ጣሳ ውስጥ ያቁሙት። ችግኞቹ አራት ቅጠል አውጥተው 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሰፉ፣ በቅጠላቸው ብቻ ይዘው፣ በጥርስ መፈልፈያ እንጨት ከሥር እያነሡ ወደ 10 ሴንቲ ሜትር የችግኝ ፕላስቲክ ያዛውሯቸው። ግንዱን አይጭመቁት፤ የተጨመቀ ግንድ አያገግምም። ፕላስቲኩ ሲሞላ ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ይሂዱ። ማዳበሪያ ከፈለጉ ፈሳሹን በእሽጉ ላይ ከተጻፈው ሩብ መጠን ብቻ፣ በወር አንዴ። ዩሪያ የበዛበት ጅብራ ቅጠሉ ለምለምና ውሃማ ይሆናል፤ የመጀመሪያው ውርጭ የሚያጠፋውም እሱን ነው።

የጊዜው ስሌት እንዲህ ቢሆን ይሻላል። ጥር ወይም የካቲት ላይ ዘርተው ዓመቱን በረንዳ ላይ ያሳድጉት። የደን ጅብራን በቀጣዩ ዓመት ሰኔ ላይ ይትከሉ፤ ውርጩ እስኪመጣ አራት ወር ሥር ይሰዳል። የውርጭ ምድሩን ግን ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ ዝናቡ ሲቀንስ፣ አፈሩ ገና እርጥብ ሳለ ይትከሉ፤ ከውርጭ ይልቅ የሐምሌ ውሃ ነው ጠላቱ። ከመትከልዎ በፊት ሦስት ሳምንት ያህል ቀን ውጭ፣ ማታ በረንዳ፣ ከዚያ ቀንም ማታም ውጭ እያደረጉ ያላምዱት።

መደቡ ከመሬት 40 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል፣ ወርዱ ከ1.2 ሜትር አይነስ። ከሥሩ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ድንጋይ ይደልድሉ፤ ከዚያ ላይ ሁለት እጅ የደን ወይም የተብላላ ብስባሽ አፈር፣ አንድ እጅ አሸዋ፣ አንድ እጅ ጠጠር። መደቡ ተዳፋት ቢኖረው፣ ዙሪያውም ውሃ የሚወስድ ቦይ ቢኖረው ሥራው አለቀ። በተክል መካከል 1.5 ሜትር ይተዉ። ሲተክሉ ችግኙ በፕላስቲኩ ውስጥ በነበረበት ልክ እንጂ ዝቅ ብሎ አይቀበር። አንገቱ ዙሪያ ጭድ አያድርጉ፤ እርጥበት ይዞ ያበሰብሰዋል፣ ፍልፈልም ይጠራል። ጠፍጣፋ ድንጋይ ይሻላል፤ አፈሩን ቀዝቃዛ ያደርጋል፣ አንገቱን ደረቅ ያደርጋል።

በበጋ በሳምንት ሁለቴ፣ ጠዋት፣ በሥሩ ዙሪያ ያጠጡ። በአናቱ ላይ አያፍስሱ፤ ተራራ ላይ ጉምና ዝናብ ቢገባበትም ቅዝቃዜው ብስባሴን ይገታዋል፣ ግቢ ውስጥ ግን አቧራና ሙቀት ሲጨመርበት መሃሉ ይበሰብሳል።

ሁለት የ«እንክብካቤ» ስሕተቶች አሉ። አንዱ ለማሳመር ሲባል የታችኛውን አረንጓዴ ቅጠል መመልመል ነው። ሌላው ቅጠሉን ወደ ውጭ ማሰር ወይም መሃሉን «አየር እንዲያገኝ» መክፈት ነው። የእነዚህ ተራራ ተክሎች ቅጠል ሲመሽ ወደ መሃል እየተጠጋ ቡቃያውን ያቅፋል፤ ሲነጋ ይከፈታል። የስዊድኑ የእጽዋት ሊቅ ኡሎቭ ሄድበርግ የአፍሪካን ከፍተኛ ተራሮች አየር በየቀኑ በጋ በየሌሊቱ የብርድ ወር የሚፈራረቅበት ብሎ የገለጸው ለዚህ ነው። በደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራሮች ኤስፔሌሺያ በሚባል ተመሳሳይ ተክል ላይ ቅጠሉ ማታ እንዳይዘጋ ተደርጎ ሲሞከር ቡቃያው ይበልጥ ቀዝቅዟል። በሳነቴ አምባ በደረቁ ወራት ሌሊት ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል፤ እዚያ ጅብራን ከሚያቆሙት ነገሮች አንዱ ይህ መተቃቀፍ ነው። የደን ጅብራ ይህ መከላከያ ስለሚያንሰው በውርጭ ወራት ማታ ማታ በማዳበሪያ ጆንያ መሸፈን ይኖርብዎታል፤ ጆንያው ቅጠሉን እንዳይነካ አራት እንጨት ያቁሙለት፣ ጠዋት ሳይረሱ ይግለጡት።

ከተራራ ዳግመኛ እንዳያስቆፍሩ የምለምንዎት ለሕጉ ብቻ ብዬ አይደለም። ደሳለኝ ጫላና ባልደረቦቹ በ2016 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ የአየሩ ሙቀት በተገመተው መንገድ ከቀጠለ በ2080 እ.ኤ.አ. ለውርጭ ምድሩ ጅብራ ተስማሚ ሆኖ የሚቀረው አሁን ካለው መኖሪያ በአማካይ 3.4 በመቶው ብቻ፣ እርሱም በአራት የተራራ ጫፎች ላይ ተወስኖ እንደሆነ ተንብየዋል፤ ከዘረመል ብዝኃነቱም 82 በመቶው ይጠፋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ሙቀቱ ሲጨምር ተክሉ ወደ ላይ መሸሽ አለበት፣ ተራራው ግን ያልቃል። ወገብ የደረሰ ጅብራ የብዙ ዓመት ዕድሜ ያለው፣ ገና ያልዘራ ተክል ነው። እርሱን ማንሳት አንድ ተክል ብቻ ሳይሆን ይበትነው የነበረውን ዘር ሁሉ ማንሳት ነው። ሲነሣ ደግሞ እንዳዩት ይሞታል።

እህትዎን በተመለከተ፦ ሳያስፈቅዱ በፖስታ እንዳይልኩ፣ በሰው ሻንጣም እንዳይሰጡ። የአገር የዘረመል ሀብት በአዋጅ ቁጥር 482/1998 ይመራል፤ ከአገር ለማውጣት ከኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ያስፈልጋል፣ አሜሪካ የሚገባ ዘርም የራሱ የዕፀዋት ጤና ወረቀት ይጠየቅበታል። ፈቃዱ ቢገኝ እንኳ ሚኒሶታ ለጅብራ ምቹ አይደለችም። ጅብራ ሌሊቱን በርዶ ጠዋት የሚሟሟ አየር ለምዷል፤ አፈሩ ለወራት በረዶ ሆኖ ሲቆይ ሥሩ ውሃ መሳብ አይችልም። በሙቁ ወራት ደግሞ ሌሊቱ ስለማይቀዘቅዝ ይዝላል። ደጅ ላይ የመኖር ዕድል ያለው እንደ ሳን ፍራንሲስኮ ባለ፣ ሙቀቱም ብርዱም የማይበረታ ጉማም የባሕር ዳርቻ ነው፤ እዚያም ቢሆን የሚሻለው የደኑ ጅብራ ነው። እህትዎ ለጌጥ ብቻ ከፈለገች በአሜሪካ የአትክልት መደብሮች የሚሸጠውን ትንሹን ሰማያዊ ሎቤሊያ ትትከል፤ የአበባው አሠራር ከላይ የገለጽኩት ነው፣ መጠኑ ብቻ ይለያል።